ያመመው ይናገር፦ የጉልበትና የዳሌ ሕመም ሲለካ የኖረበት ታሪክ

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከጌጃ ሰፈር አንስቶ እስከ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ እናቶችና አባቶች ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ መጀመሪያ የሚያማክሩት ጉልበታቸውን ነው። ዛሬ ደረጃውን ያስወርዳል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አድርሶ ይመልሳል? በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላትስ ይቻላል? መልሱን የሚያውቀው ያመመው ሰው ብቻ ነው። ጎረቤት አያየውም፣ የደም ምርመራ አያሳየውም፣ ራጅም ቢሆን የሚናገረው ከፊሉን ነው።

ሕመሙ በሕክምና ስሙ ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ልም አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይደድራል፤ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ ጉጦች ይበቅላሉ፤ መገጣጠሚያውን የሚያቅፈው ስስ ሽፋንም ይቆጣል። ጉልበት፣ ዳሌ፣ የእጅ ጣቶችና አከርካሪ ዋነኞቹ ማረፊያዎቹ ናቸው። ራሱ አይገድልም፤ ለረጅም ዘመን ከጤና ቆጠራ ውጭ ያስቀረውም ይኸው ነው። የጤና መዝገቦች የተሠሩት ሞትን ለመቁጠር ነበር። ሰውን ሳይገድል ለሃያ ዓመት ከቤት የሚያውል ሕመም ሌላ መለኪያ ያስፈልገው ነበር። ያ መለኪያ በመጨረሻ የተገኘው ከመሣሪያ ሳይሆን ታማሚውን ከመጠየቅ ነው። እንዴት እዚያ እንደተደረሰ፣ ጥያቄዎቹ እኛ ዘንድ ሲመጡስ ምን እንደገጠማቸው፣ በየዘመኑ እንከተለው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፍል ውሃና ወጌሻ፦ ከ1886 እስከ 1940ዎቹ

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዳር ነው። በ1886 እቴጌ ጣይቱና የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ በፊንፊኔ ፍል ውሃ ይታጠቡ ነበር። ቦታውን ከወደዱት በኋላ ቤት ተሠራ፤ ከተማውም ተከተለ። ቁርጥማት ያለበት፣ ወገቡን የያዘው፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ከዚያ ውሃ መፍትሔ ሲፈልግ ኖሯል። ከፍል ውሃው ሌላ ጠበል ነበር፣ ወጌሻ ነበር፣ የቅቤና የቅጠል ማሸት ነበር።

በዚያ ዘመን መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ታማሚው ሲናገር ነው። «ከሰባት ቀን መታጠብ በኋላ ተነሥቼ ሄድሁ» ካለ ሠርቷል ማለት ነው። ይህን አሠራር ኋላ ቀር አድርጎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገር ግን ሳይንሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ዞሮ ተመልሶ የመጣው ወደዚሁ ወደ ታማሚው አንደበት ነው። የጎደለው ንግግሩን በአንድ ዓይነት ጥያቄ ሰብስቦ፣ የአንዱን ከሌላው፣ የትናንቱን ከዛሬው ማወዳደሪያ ነበር።

አውሮፓም ቢሆን ከዚህ ብዙ አልራቀም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሄበርደን በጣት አንጓ ላይ የሚበቅሉትን ጉጦች የገለጸበት ጽሑፍ በ1802 ታትሟል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። የሄበርደን መሣሪያ ግን ዓይኑና ጆሮው ነበሩ። ነገሩን የለወጠው በ1895 ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ያገኘው ጨረር ነው። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ሥጋውን አልፎ አጥንቱን ማየት ቻለ፤ ያየውንም ከሰማው አብልጦ ማመን ጀመረ።

ፎቶው የፈረደበት ዘመን፦ ከ1948 እስከ 1963

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች የሰውን አቅም በቁጥር ማስቀመጥ ፈለጉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ዴቪድ ካርኖፍስኪ የካንሰር ታማሚዎችን አቅም ከ0 እስከ 100 የሚያስቀምጥ ሚዛን አወጣ። በ1949 ደግሞ ኦቶ ስታይንብሮከር የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸውን ሰዎች በአራት የአቅም ደረጃ ከፈለ። በሁለቱም ሚዛን ነጥቡን የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፤ ታማሚው ይታያል እንጂ አይጠየቅም።

ለኦስቲዮአርትራይተስ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ የከሰል ማዕድንና የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩበት አካባቢ ነው። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ዮናስ ኬልግሬንና ጆን ሎረንስ የሠራተኞቹን መገጣጠሚያ በራጅ አንሥተው፣ በ1957 ከ0 እስከ 4 የሚደርስ የደረጃ አሰጣጥ አሳተሙ። 0 ጤነኛ ነው፤ 2 ላይ የአጥንት ጉጥ በግልጽ ይታያል፤ 4 ላይ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠብቦ ቅርጹ ተበላሽቷል። ዛሬም ልደታ ውስጥ በጥቁር አንበሳም ሆነ በባልቻ ሆስፒታል የጉልበት ራጅ የሚያነብ ሐኪም የሚጠቀምበት ይህንኑ የኬልግሬንና ሎረንስ ደረጃ ነው።

ደረጃው ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል። አንድ አገር ያለውን ታማሚ ከሌላው ጋር ለማወዳደር፣ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ለመቁጠር ተቻለ። ያው ጥናት እየሰፋ ሲሄድ ግን አንድ የሚረብሽ ነገር ታየ። ራጁ የተበላሸ ሰው ሁሉ አይታመምም፤ የሚታመመው ሰው ሁሉ ራጁ አልተበላሸም። በአሜሪካ የተካሄደ አንድ አገር አቀፍ የጤና ቅኝት መረጃ በ2000 ተተንትኖ ሲታተም ልዩነቱ በቁጥር ወጣ፦ ራጃቸው ከ2 እስከ 4 ደረጃ ካሳየው ሰዎች ጉልበቴን ያመኛል ያሉት 47 በመቶ ብቻ ናቸው። ጉልበታችንን ያመናል ካሉት መካከል ደግሞ ራጁ የመሰከረላቸው 15 በመቶ ናቸው።

ይህ ቁጥር ለእኔ የታሪኩ ሁሉ ማጠንጠኛ ነው። «ራጁ ምንም አያሳይም» ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ስንት ሰው አለ! ቤተሰቡም «ሐኪሙ ደህና ነሽ ብሏታል» እያለ፣ ታማሚዋም ሕመሙን እንደ እርጅና ግብር ቆጥራ ዝም ትላለች። ፎቶው የሚያሳየው አጥንቱን ነው፤ ደረጃ ላይ ቆሞ እጀታውን የጨበጠውን ሰው አያሳይም።

በ1963 የክሊቭላንዱ ሲድኒ ካትዝ ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ዕለት ኑሮ ጠጋ አለ። የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አዛውንቶችን ሲከታተል ስድስት ነገሮችን መዘገበ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር፣ መብላት። ሐኪም የሚለካው ነገር ከአጥንት ወደ ኑሮ ተሻገረ። ቀሪው እርምጃ ብዕሩን ለታማሚው ማቀበል ነበር።

ፈታኙም አራሚውም ቀዶ ሐኪሙ፦ ከ1962 እስከ 1980

በ1962 እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ ራይቲንግተን በተባለ ሆስፒታል የተበላሸ ዳሌን አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ የሚተካበትን ስልት አስተማማኝ አደረገው። ለዓመታት ያልተራመዱ ሰዎች ተራመዱ። ቀዶ ሕክምናው ወዲያው ወደ ብዙ አገር ተዛመተ፤ ጥያቄም ይዞ መጣ፦ የማን ስልት፣ የማን ብረት ይሻላል? ለመመለስ ነጥብ ያስፈልግ ነበር።

በ1969 የቦስተኑ ዊሊያም ሃሪስ ከ100 የሚታሰብ የዳሌ ነጥብ አወጣ። 44ቱ ለሕመም፣ 47ቱ ለአቅም፣ 5ቱ ለመገጣጠሚያው የመዘርጋትና የመታጠፍ መጠን፣ 4ቱ ለቅርጽ ጉድለት ተመደቡ። ከመቶው 91 ነጥብ ሕመምና አቅም እንዲይዙ መደረጉ ትልቅ ዕውቅና ነው። የአቅሙ ክፍል ደረጃ መውጣትን፣ ካልሲና ጫማ ማድረግን፣ በሕዝብ ማመላለሻ መሳፈርን ሳይቀር ያነሣል። ቅጹን የሚሞላው ግን ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ሐኪም ነው።

ሐኪሙ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም ችግሩ። ታማሚ ሐኪሙን ያከብራል። «እንዴት ነው ጉልበትዎ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ ይኑሩልኝ» ይላል። እኛ አገር ይህ ትሕትና የበለጠ ሥር አለው፤ በሌላውም ዓለም ግን አለ። በ1996 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ዳሌያቸው የተተካላቸውን ሰዎችና ሐኪሞቻቸውን ለየብቻ ጠይቆ መልሱን አወዳደረ። ታማሚው በውጤቱ ሲደሰት ሁለቱ ይቀራረባሉ፤ ቅር ሲለው ግን ይራራቃሉ። ሐኪሙ ሳይሰማ የሚቀረው በትክክል ሊሰማው የሚገባውን ሰው ነው ማለት ነው።

በ1974 በለንደን የሚሠራው ኤድዋርድ ሃስኪሰን ቀላል መፍትሔ አስተዋወቀ፦ በወረቀት ላይ የተሠመረ አጭር መሥመር። በአንዱ ጫፍ «ሕመም የለም»፣ በሌላው ጫፍ «ሊኖር የሚችለው የከፋ ሕመም» ይላል። ታማሚው በራሱ እጅ በመካከሉ ምልክት ያደርጋል፤ ርቀቱ በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ በ1980 ሁለት መጠይቆች በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንዱ የስታንፎርዱ ጄምስ ፍራይስ፣ ሁለተኛው የቦስተኑ ሮበርት ሚናን ያዘጋጁት። ሁለቱም ታማሚው ራሱ የሚሞላቸው ናቸው። ፍራይስ ሰው ከሕክምና የሚፈልገውን በአምስት ቁም ነገር አጠቃሎ ነበር፦ አለመሞት፣ አለመጎዳት፣ አለመታመም፣ በመድኃኒት አለመመረዝ፣ በወጪ አለመደህየት። የትኛውም ድሃ ቤተሰብ የሚፈርምበት ዝርዝር ነው።

ሃያ አራቱ ጥያቄዎች፦ ከ1981 እስከ 1988

የፍራይስና የሚናን መጠይቆች ለመገጣጠሚያ በሽታ በአጠቃላይ የተሠሩ ናቸው። የጉልበትና የዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ የራሱ መጠይቅ ያገኘው ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። ኒኮላስ ቤላሚ የተባለ የመገጣጠሚያ ሐኪም ከመምህሩ ከዋትሰን ቡካናን ጋር ሆኖ ሥራውን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀመረ።

አካሄዱን ልብ በሉልኝ። ሐኪሞች ተሰብስበው ጥያቄ አልፈለሰፉም። በጉልበትና በዳሌ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሠቃዩ መቶ ሰዎችን ምን ሲያደርጉ እንደሚያማቸው፣ ከዚያም ውስጥ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስጨንቃቸው ጠየቁ። ከመልሱ ተደጋግሞ የመጣውና ከባድ የተባለው ተመረጠ። ውጤቱ በዌስተርን ኦንታሪዮና በማክማስተር ዩኒቨርሲቲዎች ስም ዎማክ ተባለ፤ በ1988 በተሟላ መልኩ ታተመ።

ዎማክ 24 ጥያቄዎች አሉት። አምስቱ ስለ ሕመም ናቸው፦ በሜዳ ሲሄዱ፣ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሌሊት በአልጋ ላይ፣ ቁጭ ወይም ጋደም ሲሉ፣ ቆመው ሲውሉ። ሁለቱ ስለ መገተር ናቸው፤ ጠዋት ሲነሡና ከዚያ በኋላ በቀኑ ውስጥ አርፈው ሲነሡ። አሥራ ሰባቱ ስለ አቅም ናቸው፦ ደረጃ መውረድ፣ መውጣት፣ ከመቀመጫ መነሣት፣ ወደ መሬት ማጎንበስ፣ መኪና ውስጥ መግባትና መውጣት፣ ገበያ መሄድ፣ ካልሲ ማድረግና ማውለቅ፣ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ መግባትና መውጣት፣ መጸዳጃ ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ከባድና ቀላል የቤት ሥራ፣ የመሳሰሉት። ለእያንዳንዱ ከ«ምንም» እስከ «እጅግ በጣም» ባሉት አምስት እርከኖች አንዱ ይመረጣል። ከ0 እስከ 4 ነጥብ ተሰጥቶ ሲደመር ከፍተኛው 96 ይሆናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መድኃኒት ይሠራል አይሠራም የሚለው ሙግት በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይፈታ ጀመር። በ1996 በአውስትራሊያ ኬርንስ ከተማ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች ማንኛውም የኦስቲዮአርትራይተስ የመድኃኒት ሙከራ ሊለካቸው የሚገቡ ነገሮችን ሲወስኑ፣ ሕመም፣ አቅምና የታማሚው የራሱ አጠቃላይ ግምገማ ግዴታ ሆኑ። ራጅ የተጠየቀው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሙከራ ብቻ ነው። ከኬልግሬንና ሎረንስ ወዲህ በአርባ ዓመት ውስጥ ፎቶው ከዳኛነት ወደ ምስክርነት ወረደ።

የቤላሚ መቶ ሰዎች ግን ኦንታሪዮ ውስጥ የሚኖሩ ነበሩ። ስለ መታጠቢያ ገንዳ የተናገሩት ቤታቸው ገንዳ ስላለ ነው፤ ስለ ካልሲ ያማረሩት አገሩ በረዶ ስለሆነ ነው። አንዲት የጌጃ ሰፈር እናት «ገንዳ ውስጥ ሲገቡ ምን ያህል ይቸገራሉ?» ተብላ ብትጠየቅ ምን ትበል? «ምንም» ካለች ነጥቧ ይቀንሳል፤ ጉልበቷ ሳይሻላት የተሻላት ትመስላለች። በምጣድ ፊት አጎንብሳ እንጀራ ስትጋግር፣ የሊጥ ቡሀቃ ስታነሣ፣ ቁጢጥ ብላ ስትጸዳዳ የሚደርስባትን ደግሞ የሚጠይቃት የለም።

ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የሩማቶሎጂ ማኅበር ጋር በ1981 ኮፕኮርድ የተባለ መርሐ ግብር ጀመረ። ራጅና ላቦራቶሪ በማይደረስባቸው አገሮች፣ ሠልጣኞች ቤት ለቤት እየዞሩ «የት ያምዎታል? ምን ከለከለዎት?» ብለው እንዲጠይቁ የታሰበ ነው። ፊሊፒንስና ኢንዶኔዢያ ቀድመው ገቡበት፤ ሕንድ በ1990ዎቹ በፑኔ አቅራቢያ ባለች ቢግዋን በተባለች መንደር ሰፊ ቆጠራ አካሄደች። የፑኔ ሐኪሞች ዎማክንም ለራሳቸው ኑሮ እንዲስማማ አሻሽለው ተጠቀሙበት። መጠይቅ እንደ ልብስ ለባለቤቱ ቁመት መሰፋት እንዳለበት ያሳዩት እነሱ ናቸው።

የማይገድለው ሕመም ቁጥር አገኘ፦ ከ1990 እስከ 1998

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩሮኮል በሚል ስም የተሰባሰቡ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ማንኛውንም በሽታ የሚመለከት አጭር መጠይቅ አቀረቡ። መንቀሳቀስ፣ ራስን መንከባከብ፣ የዘወትር ተግባር፣ ሕመም፣ ጭንቀት፤ በቃ፣ አምስት ጥያቄ። በ1993 የዓለም ባንክ የዓመቱ ሪፖርት ደግሞ በሞት የተቀጨውን ዕድሜና በሕመም የባከነውን ዘመን በአንድ የሚደምር ስሌት ለዓለም አስተዋወቀ። ኦስቲዮአርትራይተስ ከሞት መዝገብ ውጭ ሆኖ ሳለ በአገሮች የበሽታ ሸክም ሠንጠረዥ ላይ ቦታ ያገኘው በዚህ ስሌት ነው።

ስሌቱ ለእያንዳንዱ ሕመም ክብደት ይሰጣል፤ 0 ሙሉ ጤና፣ 1 ሞት ነው። ኋላ ላይ የእግር መገጣጠሚያ ሕመም ቀላሉ 0.023፣ መካከለኛው 0.079፣ ከባዱ 0.165 ተመድቦለታል። ማን ቀላል፣ ማን ከባድ ይባል የሚለው ደግሞ በዎማክ የሕመም ጥያቄዎች ነጥብ ተለየ። የመቶዎቹ የኦንታሪዮ ሰዎች ቃል በዚህ መንገድ የዓለም ሁሉ ሚዛን ውስጥ ገባ። ክብደቶቹን ለመወሰን ቤት ለቤት ከተጠየቁት አገሮች አፍሪካን የወከለችው ታንዛኒያ ናት፤ ጥያቄው የቀረበውም በፔምባ ደሴት ነው።

በ1990ዎቹ ሁለት የጉልበት መጠይቆች ተጨመሩ፤ ሁለቱም በ1998። የኦክስፎርዱ 12 ጥያቄ ብቻ ያለው ነው፤ ተንበርክኮ ስለመነሣትና በሕዝብ ማመላለሻ ስለመሳፈር ይጠይቃል። ሚኒባስ ታክሲ ላይ አጎንብሶ ለሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ከመታጠቢያ ገንዳ ይልቅ ይቀርበዋል። ሁለተኛው ስዊድናዊቷ ኤቫ ሩስ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ኩስ ነው። 42 ጥያቄ አለው፤ የዎማክን ጥያቄዎች በውስጡ ይዞ ለወጣቱና ለስፖርተኛው ጉልበት አዳዲስ ጨመረ። ዎማክ ባለቤትነቱ የተጠበቀ ስለሆነ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ኩስ ግን ለማንም በነጻ ተለቀቀ። በጀት ለሌለው የኢትዮጵያ ተማሪና ተመራማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኩስን ሳነብ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚያርፍበት አንድ ቦታ አለ። ቁጢጥ ማለትና መንበርከክ የተመደቡት «ስፖርትና መዝናኛ» በሚለው ክፍል፣ ከመሮጥና ከመዝለል ጎን ነው። ስዊድን ውስጥ ትክክል ሊሆን ይችላል። ልደታ ውስጥ ግን ቁጢጥ ማለት የግቢ መጸዳጃ ነው፤ መንበርከክ ጸሎት፣ ግንባርን መሬት ማስነካት ስግደትና ሶላት ነው። ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ የስፖርቱ ክፍል «አይመለከታቸውም» ተብሎ ይዘለላል። ሲዘለል ግን የማለዳ ሶላትን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱት አባትና በሕማማት ሳምንት መስገድ አቅቷቸው የሚያለቅሱት እናት አብረው ይዘለላሉ።

ቡታጅራ፦ ከ1987 እስከ 2004

የጤና መጠይቅ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሥር የሰደደው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ቡታጅራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም አቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ደስታ ሻሜቦ ነበሩ። በአካባቢው ያደጉ ወጣት ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ መዘገቡ። መዝገቡ እየተከማቸ ሲሄድ ሌላ ጥናት የሚያርፍበት መሠረት ሆነ።

በዚያ መሠረት ላይ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ኤስ ኤፍ-36 የተባለውን የአሜሪካ የጤናና የኑሮ መጠይቅ በአማርኛ ፈትነው፣ ውጤቱን በ2004 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ይህ መጠይቅ በዓለም ዙሪያ ለኦስቲዮአርትራይተስ ጥናት ዘወትር ከዎማክ ጎን የሚቀመጥ ነው። በእንግሊዝኛው ቅጂ «መካከለኛ ድካም» ለሚለው የተሰጡት ምሳሌዎች ጠረጴዛ መግፋት፣ ምንጣፍ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ማጽዳትና ጎልፍ መጫወት ናቸው። በእርሻና በእንሰት የሚኖር ገበሬ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ሥራው ግን ከቃል መለወጥ የከበደ ነበር። ጠያቂው ጥያቄውን ያነብባል፤ ተጠያቂው ሰምቶ ይመልሳል። ሃስኪሰን በመሥመር ላይ ምልክት አድርጉ ያለው እርሳስ ለለመደ እጅ ነው። የሚያነብ ሰው ራሱ እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ ነገር በቃል ሲጠየቅ ሌላ ይሆናል፤ የጠያቂው ድምፅ፣ የጎረቤት መኖር፣ የምራት እዚያ መቀመጥ መልሱን ያዞራል። የቡታጅራ ሥራ ትልቅነት ይህን ሁሉ ታግሎ፣ የገጠር ኢትዮጵያዊ ስለ ራሱ ጤና የሚሰጠው መልስ ሊታመንና ሊወዳደር እንደሚችል ማሳየቱ ነው። ከዚያ በኋላ «የእኛ ሰው መጠይቅ አይገባውም» የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት እሱ ነው።

ደረጃው በዛ፣ ዕድሜው ረዘመ፦ ከ2005 እስከ 2020

በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የአዲስ አበባን ኑሮ ወደ ላይ አነሣው። ልደታ ይህ ለውጥ ጎልቶ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ፎቆች ቆሙ። ብዙዎቹ ባለ አራት ፎቅ ናቸው፤ አሳንሰር የላቸውም። ግቢ ውስጥ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ የነበረ አዛውንት በዕጣ አራተኛ ፎቅ ሲደርሰው ቤቱ መውጫው የራቀ ሆነበት። የዎማክ «ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ» የሚለው ጥያቄ ለጭቃ ቤት ነዋሪ ምንም አልነበረም፤ አሁን ከሁሉም የከበደው እሱ ሆነ። አንድ ጉልበት ሳይባባስ በቤት ለውጥ ብቻ ነጥቡ ሊወጣ እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዕድሜም ረዘመ። በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ሦስት አሥርት ዓመት ሳይሞላ ከ65 አለፈ። በወባና በተቅማጥ ሳይቀጠፍ ያረጀ ሰው ጉልበቱ እስኪያምመው ድረስ ኖረ ማለት ነው፤ ይህ በራሱ የአገር ደስታ ነው። ጤና ጣቢያው ግን የተደራጀው ለሌላ ዘመን በሽታ ነበር።

በሌላው ዓለም መጠይቁ ከጥናት ወጥቶ የመንግሥት አሠራር ሆነ። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ ዳሌውና ጉልበቱ በመንግሥት ሆስፒታል የሚተካለት ሰው ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከስድስት ወር በኋላ የኦክስፎርዱንና የዩሮኮልን ጥያቄዎች እንዲሞላ እንዲጠየቅ አደረገች። የየሆስፒታሉ ውጤት ለሕዝብ ይወጣል፤ ታማሚ አንብቦ ሆስፒታሉን ይመርጣል።

እኛ ዘንድ ትልቁ እርምጃ የተወሰደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ነው። አብርሃም ገብረእግዚአብሔር፣ ገብረመድኅን በዕደማርያም፣ ተፈሪ ገዲፍና ባልደረቦቻቸው ከዩሮኮል ጋር ሆነው ከአንድ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በአማርኛ ፊት ለፊት አነጋገሩ። ጥያቄው ከባድ ነው፦ «እንዲህ ባለ ሕመም አሥር ዓመት ከሚኖሩና በሙሉ ጤና ከአሥር ያነሰ ዓመት ከሚኖሩ የቱን ይመርጣሉ?» ዓመቱን እየቀነሱ፣ ሁለቱ እኩል እስኪሆኑበት ድረስ ይጠይቁታል። ሰው ስንት ዓመቱን ለጤናው ሊለውጥ ፈቃደኛ እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። አምስቱ ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው አምስት እርከን ስላላቸው 3,125 የጤና ሁኔታዎች ይገኛሉ፤ ሁሉም የኢትዮጵያውያን ዋጋ ተሰጣቸው። በአምስቱም የመጨረሻው እርከን ላይ የወደቀውን ሁኔታ ተጠያቂዎቹ ከዜሮ በታች፣ ከሞት የከፋ ብለው ፈረዱት። ሥራው በ2020 ታተመ።

የዚህ ሥራ ክብደት እንዲታይ እፈልጋለሁ። እስከዚያ ድረስ የእኛን ታማሚ ሕይወት ዋጋ ለማስላት የእንግሊዝ ወይም የሌላ አገር ሰው ምርጫ መዋስ ግድ ነበር። ከዚያ ወዲህ መመዘኛው ከእኛው ሰው አፍ የተገኘ ነው።

ከ2020 ወዲህ

በ2023 የታተመው ዓለም አቀፍ ስሌት በ2020 595 ሚሊዮን ሰዎች ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር እንደሚኖሩ፣ በ2050 ቁጥሩ ወደ አንድ ቢሊዮን እንደሚጠጋ አሳየ። ከሁሉም መገጣጠሚያ የበለጠ ታማሚ ያለው ጉልበት ላይ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። የውፍረትና የዕድሜ መጨመር ዋነኞቹ ገፊዎች ናቸው፤ ሁለቱም በከተሞቻችን አሉ።

ዛሬ አንድ የአዲስ አበባ የአጥንት ሐኪም ከዩሮኮል አምስት ጥያቄዎች ጋር ከኦክስፎርዱ አሥራ ሁለቱን ይዞ፣ ጉልበታቸው ሊተካ ቀጠሮ የተያዘላቸውን እናት መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ሐኪም ራሱ ባይሆን፣ ልጅና ምራትም ለአፍታ ወጣ ቢሉ ይሻላል። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ይጠይቃቸዋል። የመጀመሪያውና የኋለኛው ልዩነት በኢትዮጵያውያን ዋጋ ተሰልቶ፣ ከቀዶ ሕክምናው ወጪ ጎን ይቀመጣል። የጤና መድን የጉልበት ሕክምናን ይሸፍን አይሸፍን ብሎ የሚከራከር ባለሥልጣን ፊት ሊቀርብ የሚችል ወረቀት ይህ ነው። ቀዶ ሕክምና ለማይደርሳቸው ለብዙኀኑም ይሠራል፤ ጭን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ክብደት መቀነስ፣ ከዘራ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት መቀየር ምን ያህል እንደረዳ በዚያው ይለካል።

የጎደሉት ጥያቄዎች ግን መጨመር አለባቸው፤ ቤላሚም መንገዱን አሳይቶናል። ከዚህ በኋላ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሰናዳ የጉልበት መጠይቅ ከትርጉም ቢሮ መነሣት የለበትም። በጥቁር አንበሳና በባልቻ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ ከሚጠብቁት መቶ ሰዎችን፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም፣ ከፎቅም ከግቢም፣ አስቀምጦ ምን ሲያደርጉ እንደሚያማቸው መጠየቅ ነው። ምጣዱ፣ ቁጢጡ፣ ስግደቱ፣ የሚኒባሱ መውጫና አራተኛው ፎቅ ራሳቸው ከመልሱ ውስጥ ይወጣሉ፤ በቅጹም ላይ ከስፖርቱ ገጽ ተነሥተው ከዕለት ኑሮው ገጽ ይገባሉ።